ጭርት፣ ቋቁቻና ቆረቆር፦ የቆዳ ፈንገስን ለይቶ በትክክል የማከሚያ ዝርዝር መመሪያ

በቆዳ ፈንገስ የሚቸገሩ ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ታክመው ያልዳኑ ናቸው። ቅባት ገዝተው ተቀብተዋል፤ ማሳከኩም ጋብ ብሎላቸው ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ጭርቱ ከበፊቱ ሰፍቶ ተመልሷል። ምክንያቱ ሲጣራ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ሆኖ ይገኛል፦ የተገዛው ቅባት ማሳከክን የሚያስታግስ እንጂ ፈንገስን የማይገድል ስቴሮይድ ነበር፤ ወይም ትክክለኛው ቅባት ቆዳው ገና ማማር ሲጀምር ተቋርጧል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በተለይ እነዚህን ሁለት ስህተቶች ለማስቀረት ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይከተሉ፤ ደረጃ 4ን ሳያነቡ ግን ወደ መድኃኒት ቤት አይሂዱ።

ደረጃ 1፦ ከመጀመርዎ በፊት

1. የቀን ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ሆነው መላ ገላዎን ይመርምሩ። የሚያሳክክዎትን ቦታ ብቻ ማየት አይበቃም። የእግር ጣቶችዎን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ይመልከቱ፤ ብሽሽትዎን፣ ብብትዎን፣ ከጡት ሥር ያለውን ቆዳ፣ መቀመጫዎንና ጥፍሮችዎን ይዩ። ሆድ ላይ የወጣ ጭርት ምንጩ እግር ላይ ሊሆን ይችላል፤ የእግሩ ሳይታከም የቀረ እንደሆነ የሆዱ ቢድንም ይመለሳል።

2. የቁስሉን ጠርዝ በእስክሪብቶ ከብበው ፎቶ ያንሱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መሻልና አለመሻሉን የሚነግርዎት ይህ ፎቶ ነው፤ በየቀኑ በመስታወት የሚያይ ሰው ለውጡን አያስተውለውም።

3. እስካሁን የተቀቡትን ሁሉ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩ፦ ቅባት፣ የፊት ማቅያ ክሬም፣ ቅጠል፣ ሳሙና። ያለቀ ቱቦም ቢሆን አይጣሉት፤ በደረጃ 4 ላይ ያስፈልግዎታል።

4. በቤት ውስጥ የሚያሳክከው ወይም ራሱ ላይ ቅርፊት ያለበት ሌላ ሰው እንዳለ ይጠይቁ፤ የድመት፣ የውሻና የጥጃ ቆዳም ይመልከቱ። ፀጉሩ በክብ የረገፈ እንስሳ ካለ ፈንገሱን ወደ ልጆች ያስተላልፋል።

ራስን በራስ ማከም የማይገባቸው ሰዎችም አሉ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ላይ ቁስል ካየ፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ወይም የሰውነት መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰፊ ሽፍታ ከወጣበት፣ ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን እንዲሁም ራሱ ላይ ቅርፊት ያለበት ማንኛውም ልጅ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ቦታው ካበጠ፣ ከሞቀ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካለ ደግሞ ባክቴሪያ ተጨምሮበታልና የፈንገስ ቅባት ብቻውን አይበቃም።

ደረጃ 2፦ የትኛው ፈንገስ እንደሆነ መለየት

ስለ ቆዳ በሽታ የተጻፉ ብዙ መግለጫዎች «ቀይ ክብ» ይላሉ። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላት እምብዛም አይታይም፤ ቦታው ቡናማ፣ አመድማ ወይም ከቀሪው ቆዳ የጠቆረ ሆኖ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ቀለሙን ትተው ጠርዙን፣ ቅርፊቱንና የወጣበትን ቦታ ይመልከቱ።

ጭርት። በክብ ወይም በግማሽ ክብ ይወጣል፤ ጠርዙ ከፍ ብሎ በጣት ሲነካ ይሻክራል፣ ቅርፊቱም በብዛት የሚገኘው እዚያው ጠርዙ ላይ ነው፤ መሀሉ እየጠራ ዳር ዳሩን እየሰፋ ይሄዳል፣ ያሳክካልም። ብሽሽት ላይ ሲወጣ ከጭኑ ውስጠኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ቅስት ይወርዳል፤ የዘር ፍሬ ከረጢትን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም።

የእግር ጣቶች መካከል ፈንገስ። በአራተኛውና በትንሿ ጣት መካከል ይጀምራል። ቆዳው ነጭ ሆኖ ይርሳል፣ ይላላጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሸታልም። ሌላው መልኩ ደረቅ ነው፦ ውስጥ እግርንና ተረከዝን ዱቄት የተነሰነሰበት በሚመስል ቅርፊት ይሸፍናል፤ ብዙ ሰው ድርቀት ነው ብሎ ለዓመታት ቫዝሊን ይቀባዋል።

ቋቁቻ። ደረት፣ ጀርባ፣ አንገትና የላይኛው ክንድ ላይ የሚወጡ ብዙ ትንንሽ ነጣ ያሉ ወይም ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ናቸው፤ እየተያያዙም ይሰፋሉ። ከፍ ያለ ጠርዝ የላቸውም፣ ማሳከካቸውም ቀላል ነው። ነጠብጣቡን በጥፍር ቀስ አድርገው ሲፍቁት ደቃቅ ብናኝ ይወጣል። የሚያመጣው ማላሴዚያ የተባለ በጤናማ ቆዳ ላይም የሚኖር ፈንገስ ስለሆነ ቋቁቻ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በፎጣ ምክንያት ማንንም አይውቀሱ።

ቆረቆር። ልጆችን የሚይዝ የራስ ፈንገስ ነው። ራስ ላይ ቅርፊት ያለበት ክብ ቦታ ይታያል፤ ፀጉሩ ከሥሩ እየተሰበረ ጥቁር ነጥቦች ብቻ ይቀራሉ። አንዳንድ ጊዜ ግን ፀጉሩ ብዙም ሳይረግፍ ፎረፎር የሚመስል ቅርፊት ብቻ ይኖራል። ገና ትምህርት የጀመረ ልጅ ራስ ላይ የማይለቅ «ፎረፎር» ካዩ ቆረቆር መሆኑን ይጠርጥሩ፤ ከጆሮ ጀርባና ከአንገት በላይ ያበጡ እጢዎች መኖራቸው ጥርጣሬውን ያጠናክራል።

ካንዲዳ። ቆዳ ከቆዳ ጋር በሚገናኝበት እርጥብ ቦታ ይወጣል፦ ከጡት ሥር፣ በሆድ እጥፋት፣ በብሽሽት፣ በሕፃን ዳይፐር ሥር። ቦታው ተልጦ ያብረቀርቃል፣ ያቃጥላል፤ ከዋናው ቁስል ወጣ ብለው ትንንሽ ብጉር መሳይ ነጥቦች ይበተናሉ። ከብሽሽት ጭርት በተለየ የዘር ፍሬ ከረጢትንም ይይዛል።

የጥፍር ፈንገስ። ጥፍሩ ቢጫ ወይም ነጭ ይሆናል፣ ይወፍራል፣ ከሥጋው ይለቃል፣ ሥሩም ፍርፋሪ ይይዛል።

ደረጃ 3፦ ፈንገስ የሚመስሉትን መለየት

ነጣ ያለ ቦታ ካለ ይህን ምርመራ ሳያደርጉ ምንም አይቀቡ። ታማሚው ዓይኑን ይጨፍን፤ የጥጥ ጫፍ አሹለው መጀመሪያ ጤናማውን ቆዳ፣ ቀጥሎ ነጣ ያለውን ቦታ በቀስታ ይንኩ፤ በተነካ ቁጥር ቦታውን በጣቱ ያመልክት። በነጣው ቦታ ላይ መነካቱ የማይሰማው ከሆነ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነፃ ይሰጣል፣ ቶሎ ከተጀመረም አካል ሳይጎዳ ያድናል። እንደ ኖራ ፍጹም ነጭ የሆነና ምንም ቅርፊት የሌለው ቦታ ደግሞ ለምጽ እንጂ ፈንገስ አይደለም።

የልጆች ጉንጭ ላይ የሚወጣ ደረቅና ነጣ ያለ፣ ጠርዙ የደበዘዘ ቦታ በየቤቱ «ጭርት» ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀለል ያለ የችፌ ዓይነት ነው፣ በቫዝሊንና በጊዜ ይጠፋል። በተመሳሳይም በሁለቱም ክርኖችና ጉልበቶች ላይ የወጣ ወፍራም ነጭ ቅርፊት ሶርያሲስ የተባለውን የቆዳ በሽታ፣ ሌሊት የሚብስና የእጅ ጣቶች መካከል የሚወጣ የመላው ቤተሰብ ማሳከክ እከክን ያመለክታል። ፊት ላይ የወጣ፣ የማያምና ለወራት ቀስ እያለ የሚያድግ እብጠት ወይም ቁስል በደጋማው የአገራችን ክፍል ቁንጭር የተባለው የቆዳ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቅባት ሲቀያይሩ ጊዜ አያጥፉ። እግር ላይ ሳያም እያበጠ ከትንንሽ ቀዳዳዎች ፍሬ የመሰለ ነገር የሚያወጣ እብጠት ደግሞ ማይሴቶማ የተባለ ጥልቅ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በሆስፒታል መታየት አለበት።

ደረጃ 4፦ ቱቦውን ማንበብ

በደረጃ 1 የደረደሯቸውን ቱቦዎች አሁን ያንሱ። በትልቁ የተጻፈው የንግድ ስም ምንም አይነግርዎትም። ከሥሩ ወይም ከጎኑ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስምና የመቶኛ ቁጥሩን ይፈልጉ።

ፈንገስን የሚያጠፉት እነዚህ ናቸው፦ ክሎትሪማዞል 1%፣ ማይኮናዞል 2%፣ ኬቶኮናዞል 2%፣ ተርቢናፊን 1%፤ ለካንዲዳ ብቻ ደግሞ ኒስታቲን። ዊትፊልድ የሚባለው የቤንዞይክ አሲድና የሳሊሲሊክ አሲድ ቅባት የቆየና ርካሽ ነው፤ ለሰውነትና ለውስጥ እግር ጭርት ይሠራል፤ ፊት፣ ብሽሽትና የተላጠ ቆዳ ላይ ግን ስለሚያቃጥል አይቀባም።

ስቴሮይዶቹ እነዚህ ናቸው፦ ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶል፣ ሞሜታሶን፣ ፍሉኦሲኖሎን፣ ትሪያምሲኖሎን፣ ሃይድሮኮርቲሶን። እነዚህ ለችፌና ለሶርያሲስ ጠቃሚ መድኃኒቶች ናቸው፤ ጭርት ላይ ሲቀቡ ግን የቆዳውን መከላከያ ስለሚያዳክሙ ፈንገሱ ያለ ተቃዋሚ ይሰፋል። ማሳከኩ በሁለት ቀን ስለሚጠፋ ሰውየው የዳነ ይመስለዋል። ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ቅርፊቱ ይጠፋል፣ ክቡ ቅርጹን ያጣል፤ በዚህ ጊዜ ሐኪምም ቢሆን በዓይኑ ብቻ ለመለየት ይቸገራል። ለወራት ከተቀባ ቆዳው ይሳሳል፤ ብሽሽትና ብብት ላይ የሚወጣው የመተርተር መስመር ደግሞ አይጠፋም።

ሁለት ስሞችን በተለይ ይጠንቀቁ፦ ክሎትሪማዞልና ክሎቤታሶል። ሁለቱም በ«ክሎ» ይጀምራሉ፣ በባንኮኒ ላይ በፍጥነት ሲጠሩም ይመሳሰላሉ፤ የመጀመሪያው ፈንገስን ያጠፋል፣ ሁለተኛው ከሁሉም ጠንካራ ስቴሮይዶች አንዱ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፉ የመጀመሪያው «ዜድ» አለው፣ ሁለተኛው በምትኩ «ኤስ» አለው። ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ቱቦውን እጅዎ ላይ ይዘው ያንብቡ፤ ማንበብ ካስቸገረዎት የመድኃኒት ባለሙያውን «ይህ ስቴሮይድ አለበት ወይ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ።

ሌላው ወጥመድ ድብልቅ ቅባት ነው። የፈንገስ መድኃኒት፣ ስቴሮይድና አንቲባዮቲክ በአንድ ቱቦ ተደባልቀው «ለሁሉም ይሆናል» ተብለው ይሸጣሉ። ስቴሮይዱ ፈንገሱን እያገዘው ክሎትሪማዞሉ ሲገድለው ማን እንደሚያሸንፍ አይታወቅም፤ ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይግዙ። ፊት ለማቅላት የሚሸጡ ክሬሞችም ክሎቤታሶል የያዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፊትዎ ላይ የማይለቅ ጭርት ያለብዎት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያ ክሬም ነው።

ስቴሮይድ ከተቀቡ ምን ያድርጉ? ያቁሙት። ካቆሙ በኋላ ባሉት ቀናት ማሳከኩና ቅላቱ ሊብስ ይችላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ወደ ስቴሮይዱ አይመለሱ። የፈንገስ ቅባቱን በደረጃ 5 መሠረት ይጀምሩ። ፊት ላይ ወይም ሰፊ ቦታ ላይ ለወራት የተቀቡ ከሆነ ግን አቋራረጡን የሚመራዎት ሐኪም ያስፈልጋል።

ደረጃ 5፦ ቅባቱን መቀባት

1. ቦታውን በውኃና በለስላሳ ሳሙና ይጠቡ፣ በደንብ ያለቅልቁ። አይፈትጉ።

2. ለዚህ ብቻ በተለየ ፎጣ ያድርቁ፤ ከዚያም ለጥቂት ደቂቃዎች አየር ያስመቱት። እርጥብ ቆዳ ላይ የተቀባ ቅባት ፈንገሱ የሚወደውን እርጥበት አብሮ ያሽጋል።

3. ከውጭ ወደ ውስጥ ይቀቡ። ከጠርዙ 2 ሴንቲሜትር ያህል ርቀው በጤናማው ቆዳ ላይ ይጀምሩና ወደ መሀል ይምጡ። ፈንገሱ የሚያድገው በጠርዙ በኩል ነው፤ ከሚታየው መስመር ወጣ ብሎም ይገኛል። ብዙ ሰው መሀሉን ብቻ ቀብቶ ያቆማል፤ ክቡ እየጠራ ቀለበቱ ግን የሚሰፋው በዚህ የተነሳ ነው።

4. መጠኑን ይለኩ። ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ በመስመር የሚወጣው ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን፣ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ይሸፍናል። ሁለት መዳፍ የሚያህል ጭርት ያለበት ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ሲቀባ 1 ግራም፣ በአራት ሳምንት ደግሞ 28 ግራም ይጨርሳል። ስለዚህ አንድ ባለ 20 ግራም ቱቦ አይበቃውም። ቱቦው ስላለቀ ሕክምናው አለቀ ማለት አይደለም፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጋር ይግዙ።

5. ቅባቱ እስኪሰርግ ድረስ በስሱ ያሹት። ነጭ ሆኖ የሚታይ ወፍራም ቅባት ትርፍ ጥቅም የለውም፤ በእጥፋት ቦታ ደግሞ ይጎዳል።

6. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የታመመው እጅዎ ከሆነም ሌላውን እጅ ይታጠቡ።

ለስንት ጊዜ?

ክሎትሪማዞልና ማይኮናዞል በቀን ሁለት ጊዜ ይቀባሉ፤ ቅርፊቱና ማሳከኩ ሙሉ በሙሉ ከጠፉ በኋላም ለተጨማሪ 2 ሳምንታት ይቀጥላሉ። ይህ ለሰውነትና ለብሽሽት በድምሩ 4 ሳምንት ገደማ፣ ለእግር ደግሞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይሆናል። ተርቢናፊን አጠር ይላል፦ ለእግር ጣቶች መካከል 1 ሳምንት፣ ለሰውነት 1 ወይም 2 ሳምንት። በዋጋ ሊወደድ ይችላል፤ ነገር ግን ለብዙ ሳምንታት ሳያቋርጡ መቀባት ለሚከብደው ሰው እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ለካንዲዳ ግን ተርቢናፊን ደካማ ስለሆነ ክሎትሪማዞል ወይም ኒስታቲን ይጠቀሙ።

አንድ ጊዜ መቀባት ከረሱ ባስታወሱበት ሰዓት ቀብተው ይቀጥሉ። መጠነኛ መቆጥቆጥ ችግር የለውም፤ ቦታው ካበጠ ወይም ውኃ ከቋጠረ ግን አጥበው ያቁሙና ባለሙያ ያማክሩ። ነፍሰ ጡር ሴት ክሎትሪማዞልን በቆዳ ላይ ልትቀባ ትችላለች፤ የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት ግን ያለ ሐኪም አትውሰድ። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ማይኮናዞል ከመጠቀሙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

መዳኑን በምን ያውቃሉ? በቀለሙ አይፍረዱ። ጠይም ቆዳ ላይ ፈንገሱ ከሞተም በኋላ ጥቁር ጠባሳ ለወራት ይቆያል፤ ይህን ያልዳነ መስሏቸው ጠንካራ ክሬም የሚጨምሩ ብዙዎች ናቸው። ጣትዎን በጠርዙ ላይ ያሂዱ፤ ከፍታ ከሌለው፣ ካልሻከረና ካላሳከከ ፈንገሱ ሄዷል፤ የቀረው ቀለም ብቻ ነውና ጊዜ ይስጡት።

ነጭ ሽንኩርት፣ በረኪና፣ ነጭ ጋዝና የባትሪ ውኃ ቆዳውን ያቃጥላሉ። ከቃጠሎው በኋላ ጭርቱ የጠፋ የሚመስለው ላዩ ስለተላጠ ነው፤ የሚተርፈው ግን ጠባሳና ለባክቴሪያ የተከፈተ ቁስል ነው።

ደረጃ 6፦ ለእግር የሚጨመር ጥንቃቄ

በሥራ ላይ ቦቲ ወይም የፕላስቲክ ጫማ ውለው የሚያመሹ ሰዎች ቅባቱን በትክክል ቢቀቡም ጣቶቻቸው መካከል ካልደረቀ አይድኑም። ማታ እግርዎን ከታጠቡ በኋላ በእያንዳንዱ ጣት መካከል ጨርቅ አስገብተው ያድርቁ። ካልሲ በየቀኑ ይቀይሩ፤ ሁለት ጫማ ካለዎት አንዱ እየደረቀ ሌላውን ያድርጉ። የእግር ፈንገስ ያለበት ሰው ከውስጥ ሱሪው በፊት ካልሲውን ያጥልቅ፤ አለዚያ ጨርቁ በእግሩ ሲያልፍ ፈንገሱን ወደ ብሽሽት ይዞት ይወጣል። በጋራ ሻወር ቤት ባዶ እግርዎን አይቁሙ። የተሰነጠቀው ቆዳ ባክቴሪያ ማስገቢያ በር ስለሚሆን እግርዎ በድንገት ካበጠ፣ ከጋለና ካንቀጠቀጠዎት በዚያው ቀን ይታከሙ።

ደረጃ 7፦ ቋቁቻን ማከም

ቋቁቻ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ትንሽ ቱቦ አያዳርሰውም፤ ሻምፑ ይሻላል።

1. ሴሌኒየም ሰልፋይድ 2.5% ወይም ኬቶኮናዞል 2% ሻምፑ ይግዙ።

2. ገላዎን አርጥበው ከአንገት እስከ ወገብና እስከ ክንድ ይቀቡት፤ የነጣውን ቦታ ብቻ አይምረጡ።

3. ሴሌኒየም ሰልፋይዱን 10 ደቂቃ፣ ኬቶኮናዞሉን 5 ደቂቃ አቆይተው ይታጠቡ። ሰዓት ይያዙ፤ ወዲያው የታጠበ ሻምፑ አይሠራም።

4. ሴሌኒየም ሰልፋይዱን ለ7 ቀናት፣ ኬቶኮናዞሉን ለ5 ቀናት በየቀኑ ይድገሙ።

ሲጨርሱ ነጠብጣቡ እንዳለ ያገኙታል። አይደንግጡ፤ በጥፍር ሲፍቁት ብናኝ ካልወጣ ፈንገሱ ጠፍቷል፤ የቆዳው ቀለም ግን ለመመለስ ወራት ይፈጅበታል። ቋቁቻ በሙቀትና በላብ ጊዜ መመለስ ልማዱ ስለሆነ፣ በቆላ ወይም በዓረብ አገር ሙቀት የሚኖር ሰው ከዳነ በኋላ በወር አንድ ጊዜ በዚያው ሻምፑ ቢታጠብ ይጠቅመዋል። ተርቢናፊንና ግሪሶፉልቪን ሲዋጡ ለቋቁቻ አይሠሩም። የሚዋጥ የኬቶኮናዞል ክኒን ደግሞ ጉበትን ስለሚጎዳ በ2013 የአሜሪካና የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ለቆዳ ፈንገስ እንዳይሰጥ አስጠንቅቀዋል፤ ቢሰጡዎትም አይውሰዱ።

ደረጃ 8፦ የልጆች ቆረቆር

ቆረቆር በቅባት አይድንም። ፈንገሱ በፀጉሩ ሥርና በፀጉሩ ውስጥ ስለሚኖር ቅባቱ አይደርስበትም፤ ስለዚህ የሚዋጥ መድኃኒት የግድ ነው። ልጁን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ፤ መጠኑ በክብደቱ ይሰላል። በአገራችን ለቆረቆር ዋነኛው መንስኤ ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የተባለው ፈንገስ ሲሆን፣ ለዚህ ዓይነቱ ተርቢናፊን ለ4 ሳምንታት ያህል ወይም ግሪሶፉልቪን ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ይሰጣል። ግሪሶፉልቪን በባዶ ሆድ በደንብ ስለማይሰርግ ከወተት፣ ከእንቁላል ወይም ከለውዝ ቅቤ ጋር ይስጡት። ወላጆች የሚያቋርጡት ሁለተኛው ወር ላይ ነው፤ ሐኪሙ በቃ እስኪል ይቀጥሉ።

ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን በሳምንት ሁለት ጊዜ በኬቶኮናዞል ወይም በሴሌኒየም ሰልፋይድ ሻምፑ ራሱን ይጠቡት፤ ይህ ብቻውን አያድንም፣ ወደ ሌሎች መተላለፉን ግን ይቀንሳል። የልጁን ራስ ላጭቶ እስኪደማ መፈተግ ሕመም እንጂ ጥቅም የለውም። ፀጉሩን ማሳጠር ከፈለጉ ከእሱ በኋላ ሌላ ልጅ ከመቆረጡ በፊት ቶንዶሱ በአልኮል ይጽዳ። ሚዶ፣ ኮፍያና ሻሽ አያዋሱ፤ የወንድምና የእህቶቹንም ራስ በዚያው ቀን ይመርምሩ። ሕክምና የጀመረ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል።

ሁለት ነገሮች ወላጆችን ያስደነግጣሉ። ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ገላው ላይ ትንንሽ የሚያሳክኩ ሽፍታዎች ሊወጡ ይችላሉ፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ለፈንገሱ የሰጠው ምላሽ ስለሆነ ለሐኪሙ ያሳዩት እንጂ መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ። ራሱ ላይ ለስላሳ፣ የሚያምና መግል የሚያወጣ እብጠት ከወጣ ደግሞ እባጭ መስሎዎት አያስበጡት፤ ፈንገሱ ራሱ ያመጣው ነው፣ ሲዘገይም ፀጉሩ ዳግመኛ እንዳይበቅል ያደርጋል።

ደረጃ 9፦ ጥፍር

የወፈረ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ ስላልሆነ በላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ ክኒን አይጀምሩ። ከተረጋገጠ ተርቢናፊን 250 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ለእጅ ጥፍር 6 ሳምንት፣ ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት ይወሰዳል፤ አስቀድሞ የጉበት ምርመራ ይደረጋል። ክኒኑ ሲያልቅ ጥፍሩ ገና አስቀያሚ ነው፤ የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታልና ከሥሩ የሚወጣው አዲስ ክፍል ጥርት ማለቱን ይከታተሉ።

ደረጃ 10፦ ልብስና ፎጣ

ፎጣ፣ አንሶላ፣ የውስጥ ልብስና ካልሲ በፈላ ውኃ ይታጠቡ፤ ካልሆነም ከታጠቡ በኋላ ፀሐይ ላይ ደርቀው በጋለ ካውያ ይተኮሱ። ፎጣ የግል ይሁን። የታመመ የቤት እንስሳ ካለ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት፤ እሱ ሳይታከም ልጁን ደጋግሞ ማከም ድካም ነው።

ደረጃ 11፦ ካልሻለ

ከ2 ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ፎቶ ከቆዳዎ ጋር ያስተያዩ። ጠርዙ ከእስክሪብቶው መስመር አልፎ ከሆነ ወይም ምንም ለውጥ ከሌለ እነዚህን በየተራ ይጠይቁ፦ ቱቦው በእርግጥ ስቴሮይድ የለበትም? በቀን ሁለቴ፣ ከጠርዙ አልፎ ተቀብቷል? እግር፣ ብሽሽት ወይም ጥፍር ላይ ያልታከመ ፈንገስ አለ? በቤት ውስጥ ያልታከመ ሰው አለ? ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ አስተካክለው ለተጨማሪ 2 ሳምንታት ይቀጥሉ።

ሁሉም ትክክል ሆኖ ካልሻለ፣ ወይም ሽፍታው ሰፊ ቦታ ከያዘ፣ ቅባት መቀያየሩን ያቁሙና ይታዩ። ከሕንድ አካባቢ ተነስቶ ወደ ብዙ አገሮች የተዛመተና ትራይኮፋይተን ኢንዶቲኒያ ተብሎ በ2020 የተሰየመ፣ ለተርቢናፊን እምቢ የሚል የጭርት ዓይነት አለ፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎች ሰፊና የማይለቅ ጭርት ከያዛቸው ይህን ለሐኪማቸው ያንሱ። የሚመለስ ሰፊ ፈንገስ አንዳንድ ጊዜ ያልታወቀ የስኳር ሕመም ወይም የኤችአይቪ ምልክት ስለሚሆን ምርመራው ከተጠየቁ ይስማሙ።

አዲስ አበባ ውስጥ አለርት ሆስፒታል፣ በደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ በጎንደርም የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣሉ፤ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ከጤና ጣቢያው ሪፈር ይጠይቅ። ሐኪሙ ከጠርዙ ቅርፊት ፍቆ በማይክሮስኮፕ የሚያሳይ ምርመራ ሊያዝ ይችላል፤ ውጤቱ እንዳይሳሳት የፈንገስ ቅባቱን ከምርመራው በፊት ለሁለት ሳምንታት ያህል ማቆም ያስፈልጋልና ቀጠሮ ሲይዙ ይህን ይጠይቁ። ሲሄዱም ፎቶዎቹንና የተጠቀሙባቸውን ቱቦዎች በሙሉ፣ ባዶዎቹንም ጨምሮ፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ።